ሲስተምዲ፦ መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ በራሱ እንዲነሳ

ሰው የማያድርበት ክፍል ውስጥ ያለ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ከሆነ፣ ከሲስተምዲ የተሻለ ረዳት በሊኑክስ ላይ አላየሁም። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ቅሬታም አለኝ። ሳይነካ ይዞት የሚመጣው አቀማመጥ መብራት ለሚቆራረጥበት ቢሮ አይሆንም። ደግነቱ ይስተካከላል፤ የማስተካከያው መንገድም ታስቦበት የተሠራ ነው። ግምገማዬ ባጭሩ ይኸው ነው፤ አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ።

ለማያውቀው ላስተዋውቅ። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ከተነሳ በኋላ ሥራውን የሚረከበው ፕሮግራም ሲስተምዲ ነው። የፕሮሰስ ቁጥሩ 1 ነው። ኔትወርኩ፣ ዳታቤዙ፣ ዌብ ሰርቨሩ፣ ሁሉም በእሱ በኩል ይነሳሉ። በፈረንጆቹ 2010 ሌናርት ፖተሪንግ አስተዋወቀው፤ ካይ ሲቨርስም አብሮት ሠርቷል። ፌዶራ የሚባለው የሊኑክስ ዲስትሮ (ተሰናድቶ የሚቀርብ የሊኑክስ ዓይነት) በ2011 ተቀበለው። ሬድ ሃት በ2014 በ7ኛው ስሪቱ፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ በ2015 ተከተሉ። ዴቢያን ውስጥ የተነሳው ክርክር ከባድ ስለነበር ዴቫን የሚባል ሌላ ዲስትሮ ተገንጥሎ ወጥቷል። እኔ ወደዚያ ክርክር አልገባም። ሲስተምዲን የምመዝነው ጠዋት ቢሮ ሲከፈት በማገኘው ውጤት ነው።

ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ ለትናንሽ ድርጅቶች ሰርቨር ማስተዳደር ነው። መድኃኒት አከፋፋይ፣ ክሊኒክ፣ የሒሳብ ቢሮ። አብዛኞቹ ዘንድ ያለው ዕቃ ተመሳሳይ ነው። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ስዊች፣ አንድ ራውተር፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ፣ ባትሪው ያረጀ ዩፒኤስ። ሌሊት መብራት ይጠፋል። ዩፒኤሱ ትንሽ ይታገላል፣ ከዚያ ይተዋል። መብራቱ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል። ማን ቀድሞ ይነሳ፣ ማን ማንን ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

«ሲስተም የለም» ሲባል ወረፋ ላይ ቆሞ ያልሰማ የለም። እኔ የምሠራው ከመስኮቱ ወዲያ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ዕቃው አልተበላሸም፣ ዳታውም አልጠፋም። አንድ ፕሮግራም ሌሊት ወድቆ የሚያነሳው አጥቶ ነው። ለልጁ መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ሰው በዚህ ምክንያት ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት ያንገበግበኛል።

ከሲስተምዲ በፊት በነበረው በሲስቪ ኢኒት ጊዜ እያንዳንዱ ሰርቪስ፣ ማለትም ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ረጅም የሼል ስክሪፕት (የትእዛዞች ዝርዝር) ነበረው። ስክሪፕቱ ሰርቪሱን አስነስቶ ዞር ይላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሰርቪሱ ቢሞት ማንም አያውቅም። ሲስተምዲ ያስነሳውን ሁሉ በከርነሉ ሲግሩፕ፣ ፕሮሰሶችን በቡድን በሚይዘው ዘዴ፣ ይዞ ይከታተላል። ፕሮግራሙ ሌሎች ፕሮሰሶች ቢወልድም አይጠፉበትም። ሲሞት ያውቃል፤ በምን እንደሞተም ይመዘግባል። ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚለውን ደግሞ እናንተ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ታስቀምጣላችሁ። አንድ ሰርቪስ እንዴት እንደሚወድቅ ቁጭ ብሎ አስቦ፣ መልሱን በአጭር ፋይል ማስፈር ይቻላል። ከሁሉም በላይ የምወድለት ይህን ነው።

ፋይሉ ቀላል ነው። «ዩኒት»፣ «ሰርቪስ» እና «ኢንስቶል» የሚሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ከፓኬጅ ጋር የመጣውን ፋይል መነካካት አያስፈልግም። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» ስትሉ የእናንተን ለውጥ ብቻ የሚይዝ ትንሽ ፋይል ኢቲሲ በሚባለው የቅንብር ፎልደር ስር ይከፍትላችኋል። ፓኬጁ አፕዴት ሲደረግ የእናንተ ለውጥ አይጠፋም። በዚህ መንገድ የማስነሻ ትእዛዙን ራሱን፣ «ኤክሴክ ስታርት» የሚለውን፣ መቀየር ስትፈልጉ አንድ ነገር አትርሱ። መጀመሪያ ባዶ አድርጋችሁ ጻፉት፣ ከዚያ በሚቀጥለው መስመር አዲሱን። አለበለዚያ ሁለት ትእዛዝ ተሰጠኝ ብሎ አይነሳም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ጋ ከሌላ ባለሙያ የተረከብኩት ሰርቨር ነበር። የስቶክ ፕሮግራሙ በፓይተን የተጻፈ ነው፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። ፋይሉ ላይ «ሪስታርት» የሚለው «ኦን-ፌይለር» ተብሎ ተሞልቷል። ማለትም ከወደቀ መልሰህ አንሳው ተብሏል። ሆኖም መብራት በጠፋ ቁጥር ጠዋት ላይ ፕሮግራሙ ሞቶ ይገኛል። ድርጅቱ ሰርቨሩ አርጅቷል ተብሎ አዲስ ሊገዛ ዋጋ እያጠያየቀ ነበር።

ምክንያቱ ከሲስተምዲ ጋር የሚመጡት ቁጥሮች ናቸው። ሰርቪሱ ሲወድቅ መልሶ እስኪያስነሳ የሚጠብቀው 100 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሳና እንደገና ከወደቀ ደግሞ በቃኝ ይላል። ሎጉ (የክንውን መዝገቡ) ላይ የመነሻ ጥያቄው ከመጠን በላይ ተደጋገመ የሚል መስመር ጽፎ ይተወዋል። አስቡት፤ መብራቱ ገና መምጣቱ ነው። ፖስትግሬስ በሥርዓት ሳይዘጋ መብራት የጠፋበትን ዳታ እያስተካከለ ነው። ፓይተኑ ዳታቤዙን ያጣና ይሞታል። ይነሳል፣ ይሞታል። አሥር ሰከንድ ሳይሞላ አምስቱም ዕድል ያልቃል። ዳታቤዙ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ዝግጁ ሲሆን የሚጠይቀው ፕሮግራም የለም። ጠዋት ሰው እስኪመጣ እንደዚያው ይቆያል።

ይህ ለሲስተምዲ አዘጋጆች ትርጉም ያለው ምርጫ እንደሆነ ይገባኛል። የማይድን ፕሮግራም ማለቂያ በሌለው ዙር ሰርቨሩን እንዳያደክም ነው። ለእኔ ሥራ ግን ገደቡ እጅግ ጠባብ ነው። ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻው በታጠረ ቦታ የሚያሠራው ዶከር እንኳ በዚህ ይሻላል፤ የወደቀ ኮንቴይነርን ለማንሳት ከ100 ሚሊሰከንድ ጀምሮ የጥበቃውን ጊዜ በየዙሩ በእጥፍ ይጨምራል። ሲስተምዲ ተመሳሳይ ነገር ያገኘው በ2023 በወጣው 254ኛ ስሪት ነው። ኡቡንቱ 24.04 ላይ አለ፣ ዴቢያን 12 ላይ የለም።

መፍትሔው ጥቂት መስመር ነው። «ሪስታርት»ን «ኦልዌይስ» አደርገዋለሁ። «ኦን-ፌይለር» ፕሮግራሙ በሰላም ወጣሁ ብሎ ዜሮ ከመለሰ አያነሳውም፤ ዳታቤዝ ሲያጡ በዜሮ የሚወጡ ፕሮግራሞች ደግሞ አጋጥመውኛል። «ኦልዌይስ» ብትሉትም በእጃችሁ ስታቆሙት ይቆማል፣ አትስጉ። ቀጥሎ «ሪስታርት ሴክ»ን 30 አደርጋለሁ። በዚህ ብቻ እንኳ በ10 ሰከንድ አምስት ጊዜ የሚለው ገደብ አይነካም።

ገደቡን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚመክረውም ያንን ነው። እኔ አልመክርም። ምክንያቱ «ኦን ፌይለር» የሚባለው ሌላ መስመር ነው። በስም ከላይኛው ጋር ይመሳሰላል፣ ሥራው ግን ይለያል። «ዩኒት» በሚለው ክፍል ስር ይጻፋል፤ ሰርቪሱ ወድቋል ተብሎ ሲመዘገብ ሌላ ሰርቪስ ያስነሳል። ያ ሌላው ሰርቪስ ለእኔ በቴሌግራም መልእክት የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት ነው። ልብ በሉ፤ ሪስታርት የሚደረግ ሰርቪስ ወድቋል የሚባለው የመነሻ ገደቡ ሲያልቅ ነው። ገደቡን ካጠፋችሁ ሰርቪሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲወድቅና ሲነሳ ያድራል፤ መልእክቱ አይመጣም።

ስለዚህ ገደቡን አሰፋዋለሁ። በ15 ደቂቃ ውስጥ 20 ጊዜ። በየ30 ሰከንዱ ሲሞክር ወደ አሥር ደቂቃ ገደማ ይታገላል። ለስዊቹም፣ ለራውተሩም፣ ለዳታቤዙም ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። ከዚያ በኋላም ካልተነሳ ችግሩ ሰው የሚፈልግ ነው፤ መልእክቱ ይደርሰኛል። መልእክት ላኪው ራሱ ኢንተርኔት ሳይመጣ ቢነሳስ? እሱም ሲወድቅ ደጋግሞ እንዲሞክር ይጻፍለታል። አንድ ጊዜ ሠርቶ የሚወጣ «ዋንሾት» የሚባለው ዓይነት ሰርቪስ ይህን የሚችለው ከ244ኛ ስሪት ጀምሮ ነው።

ይህን ካስተካከልን በኋላ የአከፋፋዩ ሒሳብ ያዥ፣ እድሜያቸው ከእናቴ የሚስተካከል ሴት፣ አንድ ጠዋት ደወሉልኝ። ስልኩን ሳይ ደንግጬ ነበር። «ልጄ፣ ሌሊት መብራት ጠፍቶ አድሮ ነበር፤ እኔ ግን ገብቼ ሽያጭ ጀምሬያለሁ። ይህን ልነግርህ ነው» አሉኝ። አዲስ ሰርቨር የመግዛቱ ነገርም ቀረ።

ቅደም ተከተልን በተመለከተ ሲስተምዲ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያያል። «አፍተር» ማን ከማን ቀጥሎ ይነሳ የሚለውን ይወስናል። «ዋንትስ» እና «ሪኳየርስ» ደግሞ ማን ማንን ይፈልጋል የሚለውን። «ሪኳየርስ» ብቻ ከጻፋችሁ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነሳሉ፤ አይጠባበቁም። «አፍተር» አብሮ መጻፍ አለበት። ፕሮግራሜ ዳታቤዝ ቢፈልግም እኔ «ሪኳየርስ»ን ትቼ «ዋንትስ»ን ከ«አፍተር» ጋር እመርጣለሁ። «ሪኳየርስ» እና «አፍተር» አብረው ካሉ ዳታቤዙ በመጀመሪያ ሙከራው ሲወድቅ ፕሮግራሙ ጨርሶ አይጀመርም። ያልተጀመረ ነገር ደግሞ ሪስታርት አይደረግም። ዳታቤዙ በኋላ ቢያገግም እንኳ ፕሮግራሙ እንደቀረ ይቀራል። በ«ዋንትስ» ከሆነ ይጀምራል፣ ይወድቃል፣ ከ30 ሰከንድ በኋላ እንደገና ይሞክራል። የምንፈልገው ይህን ነው።

ኔትወርክም እንዲሁ ነው። «ኔትወርክ ታርጌት» የሚለውን ጽፈው ኔትወርክ መጥቷል ብለው የሚተማመኑ ብዙ ናቸው። እሱ የሚለው ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ተነስቷል ነው። አድራሻ እስኪገኝ መጠበቅ የምትፈልጉ «ኔትወርክ-ኦንላይን ታርጌት»ን በ«ዋንትስ»ም በ«አፍተር»ም ጻፉት። እሱም ቢሆን ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ዋናው መተማመኛዬ ደጋግሞ መሞከሩ ነው።

ስለ ፖስትግሬስ ለብቻው ልናገር፤ ዳታ ያለበት ስለሆነ። አንድ ሰርቪስ ዝግጁ ነኝ ብሎ እስኪያሳውቅ ሲስተምዲ የሚጠብቀው 90 ሰከንድ ነው። ከዚያ ይገድለዋል። በድንገት መብራት የጠፋበት ትልቅ ዳታቤዝ ሲነሳ የማገገም ሥራው ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ሊጨርስ ሲቃረብ ይገደላል፣ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ያገግማል፣ እንደገና ይገደላል። የፖስትግሬስ መመሪያ ራሱ ይህን ጊዜ «ኢንፊኒቲ»፣ ማለትም ገደብ የለሽ፣ እንድናደርገው ይመክራል። በራሳችሁ ፋይል የምታስነሱት ከሆነ ዛሬውኑ እዩት።

ሰርቨሩ በሚጠፋበት ጊዜም ያው 90 ሰከንድ አለ። ሰርቪሱ ቁም ሲባል እምቢ ካለ ሲስተምዲ ያን ያህል ጠብቆ ነው በግድ የሚገድለው። ዩፒኤሱ አልቆብኛል ብሎ ሰርቨሩን ሊያጠፋ ሲል ይህ እጅግ ረጅም ጊዜ ነው። ፌዶራ በ38ኛ ስሪቱ ወደ 45 ሰከንድ ዝቅ አድርጎታል። እኔ ለተራ ፕሮግራሞች 20 ሰከንድ እሰጣለሁ። ለዳታቤዝ አልቀንስም፤ በሥርዓት ይዘጋ።

«ታይፕ» የሚለውን መስመር ብዙ ሰው ያልፈዋል። ባዶ ከተውት «ሲምፕል» ነው። «ሲምፕል» ላይ ሲስተምዲ ፕሮሰሱን እንደፈጠረ ተነስቷል ይላል። ፕሮግራሙ የተባለበት ቦታ ባይኖር እንኳ የማስነሻው ኮማንድ ያለ ስህተት ይመለሳል። ከ240ኛ ስሪት ጀምሮ ያለው «ኤክሴክ» ቢያንስ ፕሮግራሙ መገኘቱን ያረጋግጣል። ከሁሉም የሚሻለው «ኖቲፋይ» ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ዝግጁ ነኝ ብሎ ይናገራል። የፓይተን ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ዌብ ሰርቨር ጉኒኮርን ይችላል፣ ፖስትግሬስም ከ9.6 ጀምሮ ይችላል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ በጣም የምወደውና ብዙ ቦታ ተረስቶ የማገኘው ነገር «ዋችዶግ» ነው። አንዳንድ ፕሮግራም አይሞትም፤ ደርቆ ይቀራል። ሲስተምዲ ላይ አረንጓዴ ነው፣ ሥራ ግን የለም። «ዋችዶግ ሴክ»ን 60 ብትሉት ፕሮግራሙ በየአንድ ደቂቃው ውስጥ አለሁ የሚል መልእክት መላክ አለበት። ካልላከ ይገደላል፣ ከዚያም ይነሳል። ፕሮግራሙ ውስጥ ጥቂት መስመር ኮድ መጨመር ይጠይቃል። ለፕሮግራመራችሁ አንድ ነገር ንገሩት፤ መልእክቱ እውነተኛው ሥራ ከሚሠራበት ቦታ ይላክ። ከዋናው ሥራ ጎን ለብቻው በሚሽከረከር የፕሮግራሙ ክፍል (ትሬድ) ከተላከ፣ ሥራው ደርቆም አለሁ ይላል።

ሎጉ ላይ ያለኝ አስተያየት ድብልቅ ነው። «ጆርናልሲቲኤል» የአንድን ሰርቪስ ታሪክ ለይቶ ማሳየቱ ጊዜ ይቆጥባል፤ ካለፈው መነሳት በፊት የነበረውንም ያሳያል። ነገር ግን በቫር ሎግ ስር «ጆርናል» የሚባለው ፎልደር ከሌለ ሎጉ ሜሞሪ ላይ ብቻ ይቀመጣል፣ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ፎልደሩ ቢኖርም ተራ መልእክቶች ወደ ዲስክ በእርግጠኝነት የሚገለበጡት በየ5 ደቂቃው ነው። ወዲያው የሚጻፉት በጣም ከባድ የተባሉት ብቻ ናቸው። መብራት ከመጥፋቱ በፊት የነበሩት የመጨረሻ ደቂቃዎች ለእኔ ዋና ማስረጃ ስለሆኑ ወደ 30 ሰከንድ አወርደዋለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ ስህተትን አለማጉላቱ ነው። የመስመሩን ስም አንድ ፊደል አሳስታችሁ ብትጽፉ ሰርቪሱ ይነሳል። ያልገባውን መስመር ዘሎት ያልፋል፤ ማስጠንቀቂያው ሎግ ውስጥ ብቻ ነው። «ስታርት ሊሚት ኢንተርቫል ሴክ» የሚለውን «ሰርቪስ» ክፍል ስር የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ከ230ኛ ስሪት ወዲህ ቦታው «ዩኒት» ስር ነው። በተሳሳተ ቦታ ሲጻፍ ዝም ብሎ ይታለፋል፣ ባለቤቱም ገደቡን አስፍቻለሁ ብሎ ይተኛል። «ሲስተምዲ-አናላይዝ ቬሪፋይ» ይህን ያጋልጣል። ፋይል በቀየራችሁ ቁጥር አስሩጡት። አሁንም ሴንትኦኤስ 7 ላይ ላላችሁ፣ እዚያ ያለው ስሪት 219 ስለሆነ አሮጌው ስም ነው የሚሠራው፤ መጨረሻው ላይ «ሴክ» የለበትም፣ የሚጻፈውም «ሰርቪስ» ስር ነው።

ባክአፕን ከክሮን፣ ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት ከሚያስጀምረው የቆየ ፕሮግራም፣ ወደ ሲስተምዲ ታይመር ማዛወርም ይክሳል። ባክአፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በሰርቨሩ አቆጣጠር 02:00 ላይ ነው እንበል። በዚያ ሰዓት መብራት ከሌለ ተራ ክሮን የዚያን ቀን ያልፈዋል። ታይመሩ ላይ «ፐርሲስተንት» የሚለውን አዎ ካላችሁት ሰርቨሩ ሲነሳ ያመለጠውን ያስታውስና ያሠራዋል።

ሲስተምዲን የማልመክርለት አለ? በጣም ትንሽ ሜሞሪ ያለው ዕቃ ላይ አልፓይን የሚባለው ቀላል ዲስትሮ ከኦፕንአርሲ፣ ሰርቪሶችን ከሚያስነሳለት ፕሮግራም፣ ጋር ይሻለኛል። ኮንቴይነር ውስጥም አላስገባውም። ለቢሮ ሰርቨር ግን ሌላ አልፈልግም።

አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ሞክሩት። ፕሮግራሙን «ኪል» በሚለው ኮማንድ በ9 ቁጥር ግደሉትና ከ30 ሰከንድ በኋላ መነሳቱን እዩ። ዳታቤዙን አቁማችሁ «ማስክ» በሚለው ኮማንድ እንዳይነሳ ከልክሉት፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ እንደገና ሲሞክር «ዋንትስ» ዳታቤዙን መልሶ ያስነሳዋል። ከአሥር ደቂቃ ትንሽ በላይ ጠብቁ፤ መልእክቱ በቴሌግራም ይምጣ። መልእክቱ ከመጣ ሰርቪሱ እጁን ሰጥቷል ማለት ነው፤ «አንማስክ» ብላችሁ ዳታቤዙን መልሳችሁ፣ «ሪሴት-ፌይልድ» ብላችሁ ቆጠራውን አጽዱና አስነሱት። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ሠራተኛው ሲወጣ ሰርቨሩን ሪቡት አድርጉ፤ ምንም ሳትነኩም ከሌላ ኮምፒውተር ፕሮግራሙን ክፈቱ።